ለፎርማን፣ ለሱፐርቫይዘርና ለሥራ መሪ፦ የሠራተኛ ደህንነት በሕግ የሚያስጠይቅዎ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ርክክብ

ጎጃም ውስጥ ሕንፃ፣ ወፍጮ ቤት፣ ዘይት መጭመቂያ ወይም የእህል መጋዘን የሚመራ ሰው ሲቀጠር ብዙ ጊዜ የሚነገረው አንድ ነገር ነው፦ «ሥራውን በቀኑ አስጨርስ»። ሰው ከፎቅ ሲወድቅ ወይም እጁ ማሽን ውስጥ ሲገባ ግን ፖሊስም ሆነ የተጎጂው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እዚህ የሚያሠራው ማን ነበር?» ብሎ ነው። ይህ መመሪያ ለዚያ ለሚያሠራው ሰው የተጻፈ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ከሆኑ የሚገዛዎ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ስለሆነ የአንቀጾቹ ቁጥር ይለያል፤ አደጋውን ስለመለየትና ስለመመዝገብ የተጻፈው ግን ለእርስዎም ይሠራል።

ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ የሚመዘነው በሦስት ጥያቄ ነው። ምን ያውቁ ነበር? ምን ማድረግ ይችሉ ነበር? ምን አደረጉ? ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚያዘጋጁ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ሕጉ እርስዎን የት እንደሚያስቀምጥዎ ይለዩ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደህንነት ግዴታን የሚጥለው በአሠሪው ላይ ነው። አሠሪ የሚባለው አንድ ሰውም ቢሆን ቀጥሮ የሚያሠራ ግለሰብ ወይም ድርጅት ነው፤ ስለዚህ ሦስት ሠራተኞች ያሉት የደምበጫ ብየዳ ቤትም፣ ቡሬ የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያለ ፋብሪካም በአንድ አዋጅ ሥር ነው። «የቀን ሠራተኛ ነው፣ ውል የለውም» የሚለው መከላከያም አይሠራም፤ የሥራ ውል በቃልም ይመሠረታል።

እርስዎስ? የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ ወይም የማሰናበት ሥልጣን፣ ወይም የአስተዳደር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን ከተሰጠዎ «የሥራ መሪ» ነዎት። አዋጁ የሥራ መሪን ከሽፋኑ ውጭ ያደርገዋል። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ «እንግዲያ አዋጁ እኔን አይነካኝም» ብሎ ይዝናናል። ከሽፋን የወጣው ግን የእርስዎ የራስዎ የቅጥር ጉዳይ እንጂ በሥርዎ ያሉት ሠራተኞች አይደሉም። ለእነሱ አሠሪው የሚናገረውም የሚያዝዘውም በእርስዎ አፍ ነው። ያ ሥልጣን የሌለው ተራ ፎርማን ወይም ካቦ ከሆኑ ደግሞ ራስዎም ሠራተኛ ነዎት፤ የአዋጁ ጥበቃም የሠራተኛ ግዴታም ይደርስዎታል። አንቀጽ 93 ማንኛውም ሠራተኛ አደጋ ያመጣል ብሎ የጠረጠረውንና በራሱ ሊያስወግደው ያልቻለውን ሁሉ ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል።

ካሳውን የሚከፍለው አሠሪው ነው። በወንጀል ግን ጥፋቱ የግል ነው፤ ባለሀብቱ ስለ እርስዎ አይታሰርም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። ተራው ቅጣት ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። የሰው ሕይወትና ደህንነት የመጠበቅ የሙያ ወይም ሌላ ግዴታ ያለበት ሰው ከሆነ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ይሆናል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ወይም አጥፊው ግልጽ ደንብና መመሪያን ከጣሰ ደግሞ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ዐቃቤ ሕግ ከእነዚህ የትኛውን እንደሚመርጥ የሚወስነው የእርስዎ የሥራ መደብ ዝርዝርና ያለፉት ሳምንታት ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ሲቀጠሩ የሥራ መደብ ዝርዝርዎን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ «ሥራ የማስቆም ሥልጣን» የሚል ቃል ከሌለበት እንዲገባ ይጠይቁ። ሥልጣን ሳይኖር ኃላፊነት መቀበል መጥፎ ንግድ ነው።

ደረጃ 2፦ አንቀጽ 92ን የሳምንት ሥራ ዝርዝር ያድርጉት

የአዋጁ አንቀጽ 92 የአሠሪውን ግዴታዎች ይዘረዝራል። በአጭሩ ሲነገር፦ ሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋ እንዲያውቅ ማድረግ፣ የደህንነት ተጠሪ መመደብና የደህንነትና ጤንነት ኮሚቴ ማቋቋም፣ የአደጋ መከላከያ ልብስና መሣሪያ መስጠትና አጠቃቀሙን ማስተማር፣ የሥራ ላይ አደጋንና የሙያ በሽታን መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት ማሳወቅ፣ እንደ ሥራው ጠባይ ሠራተኛውን በአሠሪው ወጪ ማስመርመር (የኤች አይ ቪ ምርመራ በመርሕ እዚህ አይገባም)፣ የሥራ ቦታው ራሱ አደጋ እንዳይሆን ማድረግና የተቆጣጣሪውን ትእዛዝ መፈጸም።

እነዚህን አንድ ወረቀት ላይ ጽፈው በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ነገር ያክሉ፦ የሚፈጽመው ማን ነው፣ ማስረጃው የት ነው። ባዶ የቀረው መስመር ነገ የሚያስጠይቅዎ ነው። ከልምድ ብዙ ጊዜ ባዶ የሚሆኑት ምዝገባውና ኮሚቴው ናቸው። ኮሚቴ ሲባል አዳራሽና ውሎ አበል አያስቡ። ግንበኛ፣ ፌሮ ሠራተኛና ከሴት የቀን ሠራተኞች አንዷን ይዘው ሰኞ ጠዋት ሃያ ደቂቃ ተቀምጠው የተባለውን በደብተር ቢያሰፍሩት ለትንሽ ሳይት ከምንም ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ቦታውን በእግርዎ ዞረው አደጋውን ይለዩ

ቢሮ ተቀምጦ ከሌላ ድርጅት የተገለበጠ «የአደጋ ግምገማ» ላይ መፈረም ከሁሉ የከፋው ነው። ፊርማው እርስዎ አደጋውን እንደሚያውቁ ይመሰክራል፤ ወረቀቱ ደግሞ የእርስዎን ቦታ አይመስልም። ይልቅ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ይዙሩ። በእኛ አካባቢ ሰው የሚገድሉትና የሚያጎድሉት ነገሮች የሚታወቁ ናቸው።

የባሕር ዛፍ መወጣጫ። ደብረ ማርቆስም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ እንጅባራም ከሁለት ፎቅ በላይ የሚነሣ ሕንፃ ሁሉ በባሕር ዛፍ እንጨት ተከቦ ነው የሚያልቀው። እንጨቱ በራሱ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ካለፈው ሳይት ተነቅሎ፣ የሚስማሩ ቀዳዳ ሰፍቶ፣ በጋ ደርቆ የተሰነጠቀው እንደገና ቋሚ ሲሆን ነው። ቋሚውን በእጅዎ ይነቅንቁት። ከሥር መሬት ውስጥ ገብቷል ወይስ ድንጋይ ላይ ቆሟል? ሰያፍ ማሰሪያ አለው ወይ? መርገጫው ጣውላ ጫፍና ጫፉ ተደጋፊው ላይ ደርሷል? ወገብ ላይ የሚይዝ መከለያ እንጨት አለ? ከዝናብ በኋላና ከእሑድ በኋላ ሁልጊዜ እንደገና ይፈተሽ፤ እሑድ ማንም ሳያይ ለማገዶ አንድ እንጨት የሚወስድ አይጠፋም።

ግንበኛው «ኧረ ምን ይሆናል አያ፣ ስንት ፎቅ የጨረስሁበት እንጨት ነው!» ይልዎታል። ከእሱ ጋር አይሟገቱ። መሰላሉን ያንሡና ደብተሩን ያውጡ። አንድ ጥሩ ገጽ ይህን ይመስላል፦

«መስከረም 14፣ ጠዋት 2፡30። በምሥራቅ በኩል፣ ሁለተኛው እርከን፣ ሦስተኛው ቋሚ ተሰንጥቋል። ሰው እንዳይወጣ አዝዣለሁ፣ መሰላሉ ተነሥቷል። ሁለት ቋሚ ከስቶር ተጠይቋል። 5፡00 ሰዓት ላይ ተተክቷል፣ ወጥቼ ፈትሼዋለሁ።» ከዚያ ፊርማ።

እነዚህ ጥቂት መስመሮች ሦስቱንም ጥያቄዎች ይመልሳሉ። ከሃያ ገጽ የተገለበጠ መመሪያ ይልቅ ዳኛ የሚያምነው ይህንን ነው።

ቁፋሮ። ከደጀን እስከ ቢቸና ያለው ጥቁር መሬት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ሲያዩት ግድግዳ የሚያህል ጽኑ ይመስላል፤ ውኃ ሲገባበት ግን ሳይናገር ይናዳል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል ያላነሰ ይመዝናል። እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ውጭ ሆኖም መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። ጉድጓዱ ከሰው ወገብ ካለፈ ጎኑ ወደ ውጭ ይጋደም ወይም በጣውላና በእንጨት ይደገፍ። የወጣው አፈር ከአፋፉ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ሲኖትራክ አፋፉ ድረስ አይጠጋ፤ መውጫ መሰላል ሁልጊዜ ውስጥ ይኑር።

የታፈነ ጉድጓድ። የሽንት ቤት፣ የሴፕቲክ ታንክ፣ የቆየ የውኃ ጉድጓድ። እዚህ የሚሞተው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሰው ብቻ አይደለም፤ ወንድሜን ላውጣ ብሎ ዘሎ የገባው ሁለተኛውና ሦስተኛው ጭምር ነው። ሁለት ሰው ሲሞት አንቀጽ 543 ወደ ጽኑ እስራት እንደሚዘል ከላይ አይተናል። ደንቡ አጭር ይሁን፦ ከእርስዎ ፈቃድ ውጭ ማንም አይገባም፣ ጉድጓዱ አየር ሳያገኝ አይገባም፣ የሚገባው ደረቱ ላይ ገመድ ታስሮ ጫፉን ከላይ ሁለት ሰው ይዞ ነው። ሻማ አውርዶ መሞከር አይበቃም፤ የሚቀጣጠል ጋዝ ካለ ሻማው ራሱ ያፈነዳዋል።

የእህል መጋዘን። በቆሎ በሚበዛበት በቡሬና በጃቢ ጠህናን በኩል ነቀዝ ለመግደል የሚጨመረው እንክብል አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል። መጋዘኑ ታሽጎ የሚቆይበት ጊዜ እሽጉ ላይ ተጽፏል። ቀኑን በሩ ላይ በትልቁ ይጻፉ፣ ቁልፉን እርስዎ ጋ ያድርጉ፣ ሲከፈት በደንብ ሳይናፈስ ጫኝና አውራጅ አያስገቡ። ዘበኛውም እዚያ ግድግዳ ሥር እንዳይተኛ።

ወፍጮ ቤትና መጭመቂያ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያገናኘው ቺንጋ ብዙ ቦታ ራቁቱን ይዞራል፤ መከለያው «ቺንጋ ሲንሸራተት ለማጥበቅ ያስቸግራል» ተብሎ ከተነሣ ቆይቷል። አሁን ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው እንበል። ወፍጮው ፊት አሥር ሴቶች ቆመዋል፣ ሁሉም ነጠላ አጣፍተዋል። አንዷ ጎንበስ ብላ ቁናዋን ስታነሣ የነጠላዋ ጫፍ ከቺንጋው አንድ ክንድ ብቻ ነው የሚርቀው። ፈጪው ደግሞ ብርድ ነው ብሎ ጋቢውን ደርቦ ጥሬ ይከልሳል። ቺንጋው ነጠላ ከያዘ ሞተሩን ለማጥፋት ጊዜ የለም። ስለዚህ መከለያው የሽቦ መረብም ቢሆን ይመለስ፣ ማጥፊያው ፈጪው ከቆመበት በእጁ የሚደርስበት ቦታ ይዛወር፣ ደንበኛ የሚቆምበትና ማሽን ያለበት በእንጨት አጥር ይለይ። ለሠራተኛው ጋቢ ክልክል ነው፤ ብርድ ከሆነ እጀታው የጠበቀ ሹራብ ይልበስ። ቺንጋ የሚጠበቀው ሞተር ጠፍቶ፣ ማብሪያው ተቆልፎ፣ ቁልፉ በሚያጠብቀው ሰው ኪስ ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። መከለያን ማንሣት ለሠራተኛም በአንቀጽ 94 የተከለከለ ድርጊት ነው። መከለያው በእርስዎ ትእዛዝ ወይም እርስዎ እያዩ ከተነሣ ግን አንቀጹን ሠራተኛው ላይ መጥቀስ ያሳፍራል።

ኤሌክትሪክ፣ ጩኸት፣ ብናኝ፣ ሲሚንቶ የሚበላው ቆዳ፣ እነዚህንም በየተራ ይመዝግቡ። ለጩኸት ቀላል መለኪያ አለ፦ አንድ ሜትር ርቆ የቆመን ሰው ለማናገር መጮኽ ካስፈለገ፣ ጆሮ መድፈኛ ያስፈልጋል።

ደረጃ 4፦ ይናገሩ፣ ያሳዩ፣ ያስፈርሙ

አንቀጽ 96 አሠሪው ጥፋት ባይኖረውም እንኳ በሠራተኛው ላይ ለደረሰ የሥራ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ማምለጫው ጠባብ ነው፦ ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት። በተለይ ደግሞ በግልጽ የተሰጠን የደህንነት መመሪያ ባለማክበሩ፣ ወይም ሰውነቱን ወይም አእምሮውን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ በመግባቱ የደረሰ ጉዳት እዚህ ይገባል። «በግልጽ የተሰጠ» የሚለው ቃል የእርስዎ የቤት ሥራ ነው። አጥር ላይ የተለጠፈ የደበዘዘ የሄልሜት ሥዕል ግልጽ መመሪያ አይባልም። አዲስ ሰው ሲገባ ሥራው ላይ አቁመው ያሳዩት፣ ራሱ ደግሞ እንዲያሳይዎ ያድርጉ፣ ከዚያ ስሙን፣ ቀኑንና የተማረውን ጽፈው ያስፈርሙት። መጻፍ የማይችል ከሆነ ምስክር ባለበት ይነበብለትና በጣት አሻራው ያጽና። ከአዊ የመጣና አማርኛው የማይፈታ ልጅ ካለ በአገውኛ የሚያስረዳው ሰው ይፈልጉ፤ ያልገባው መመሪያ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።

ስለ ስካሩ አንድ ነገር ልጨምር። የበዓል ማግስት ጠላና አረቄ ከዓይኑ ያልጠፋ ሰው ሳይት ላይ ይታያል። እርስዎ እያዩት ወደ መወጣጫው ከላኩት ያ የመከላከያ አንቀጽ ወደ እርስዎ ይዞራል፤ «ምን ያውቁ ነበር» ለሚለው መልሱ «ሰክሮ አይቼዋለሁ» ይሆናላ። የዚያን ቀን ወደ ቤቱ ይመልሱት፣ ይመዝግቡት።

ጾምስ? በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምስ ግንበኛ ከሰዓት በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሊያዞረው ይችላል። ይህን የሚያዝዝ አንቀጽ አታገኙም፤ ጎጃም ላይ ለሚያሠራ ሰው ግን ሊታይ የሚችል አደጋ ነው። በጾም ወራት የከፍታውን ሥራ ጠዋት፣ የመሬቱን ከሰዓት በኋላ ያድርጉት። ምርት አይቀንስም፤ ባሬላ ተሸካሚዎቹም ያመሰግኑዎታል።

ደረጃ 5፦ መከላከያ ልብስ

ሄልሜት፣ ጓንት፣ ሴፍቲ ጫማ፣ መነጽር፣ ሴፍቲ ቤልት፦ የሚገዛው አሠሪው ነው፣ ከደመወዝ አይቆረጥም። በኮንጎ ጫማና በቁምጣ አርማታ የሚረግጥ ልጅ የሲሚንቶ ቁስል ማግኘቱ አይቀርም። ከሰጡ ያስፈርሙ፣ ሲያልቅ ይተኩ፣ ሳይለብስ የመጣን አያሠሩ። እርስዎም ይልበሱ፤ ሄልሜት ሳያደርግ የሚዞር ፎርማን ለሌላው የሚናገረው የለውም። የአደጋ መከላከያ ደንብን አልቀበልም ማለት በአዋጁ አንቀጽ 14 ሕገ ወጥ ድርጊት ስለሆነ በተደጋጋሚ እምቢ ያለን ሰው በጽሑፍ ያስጠንቅቁ።

ደረጃ 6፦ ማንን የት እንደሚመድቡ ይጠንቀቁ

ክረምት ሲገባ የደብተር መግዣ ፍለጋ ተማሪዎች ወደ ሳይት ይጎርፋሉ። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል፤ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት ዕረፍቱ፣ በሕዝብ በዓልና ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት አይሠራም። ድንጋይ ማውጫ፣ የፍሳሽ ቦይ፣ ዋሻ ቁፋሮ፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ ትራንስፎርመርና ማስተላለፊያ መስመር፣ እነዚህ ላይ አይመደብም። ዕድሜውን በቁመቱ አይገምቱ፤ የልደት ካርድ ወይም የትምህርት ቤት መታወቂያ ቅጂ ይያዙ። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ በትርፍ ሰዓትና በሌሊት አትሠራም፤ ሥራው ለእሷ ወይም ለፅንሱ ጎጂ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ሥራ ትዛወራለች። ለሌላውም ቢሆን የትርፍ ሰዓት ጣሪያው በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። ሶሌታ (የፎቁ ወለል አርማታ) በሚሞላበት ሌሊት ይህ ጣሪያ የሚጣስበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ፈረቃውን አስቀድመው ያዘጋጁ።

ደረጃ 7፦ ማቆም፣ ከአቅም በላይ ሲሆን ወደ ላይ መጻፍ

ከሥልጣንዎ ውስጥ ያለውን አደጋ በራስዎ ያስቁሙ። ገንዘብ የሚጠይቀውን፣ ለምሳሌ የቁፋሮ ድጋፍ ጣውላ ወይም አዲስ መከለያ፣ በጽሑፍ ይጠይቁ። በስልክ «ጋሼ፣ ጣውላ ያስፈልጋል» ማለት ያለ ማስረጃ የተነገረ ነው። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም፦ ቀን፣ ቦታ፣ ያዩት አደጋ፣ የሚያስፈልገው፣ እስኪሟላ ሥራው እንደማይቀጥል። በሁለት ቅጂ ይጻፉ፣ አንዱ ላይ ያስፈርሙ። ባለቤቱ አዲስ አበባ ከሆነ በቴሌግራም ይላኩና የደረሰበትን ገጽ ያስቀምጡ። «አንተ ዝም ብለህ አሠራ» የሚል መልስ ከመጣ ያንኑ መልሰው ይጻፉለት፦ «እንዲቀጥል ያዘዙኝን አልፈጸምሁም፣ ምክንያቱ ይኸ ነው»። ሥራዎን ሊያጡ ይችላሉ፤ አዎ፣ ይሆናል። ሕጉ ግን ይህን ጉልበት ለሠራተኛ ጭምር ሰጥቷል። የሚያሠጋው አደጋ ተነግሮት አሠሪው በጊዜው እርምጃ ካልወሰደ፣ ሠራተኛው በአንቀጽ 32 ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155ም ከባድና ቅርብ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ከሥራ የሸሸን ሠራተኛ ተገቢ ካልሆነ መዘዝ ይጠብቃል። ስለዚህ ሠራተኛ «አልወጣም» ሲልዎ ከመቆጣትዎ በፊት ወጥተው ይዩ።

ደረጃ 8፦ አደጋ ሲደርስ

መጀመሪያ ኃይል ያጥፉ ወይም ሥራ ያቁሙ፣ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ። የመጀመሪያ እርዳታ ይስጡና ተስማሚ በሆነ መጓጓዣ በቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ያድርሱ፤ ሁለቱም በአዋጁ የአሠሪው ልዩ ግዴታዎች ናቸው። «ተስማሚ» የሚለውን ያስተውሉ። ከከፍታ የወደቀን ሰው አከርካሪው ሳይታወቅ ባጃጅ ውስጥ ማጠፍ ሽባ ሊያደርገው ይችላል፤ ጣውላ ላይ አንገቱ ሳይንቀሳቀስ ተኝቶ ይሂድ። የሃይሩፍ ወይም የፒካፕ ሾፌር ስልክ አስቀድሞ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። አምቡላንስ የማይደርስበት፣ መንገድ የሚዘጋበት ቀን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ሁለተኛ አማራጭም ይኑር።

ቦታውን አይንኩ። የተሰበረው እንጨት፣ የተነሣው መከለያ ፖሊስና ተቆጣጣሪ እስኪያዩት ባለበት ይቆይ፤ በስልክ ፎቶ ያንሡ። ማታ መከለያ ገጥሞ ጠዋት «ነበረ» ማለት ቸልተኝነቱን ወደ ማስረጃ ማጥፋት ያሳድገዋል። ያዩ ሰዎችን ስም ይያዙ፣ የሆነውን እንደሆነ ይጻፉ፣ «ጥፋቱ የራሱ ነው» የሚል ፍርድ አይጨምሩ። ከዚያ ለወረዳው ወይም ለከተማው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያሳውቁ።

አደጋው «የሥራ» ነው ወይ የሚለው ከሚመስለው ይሰፋል። ድርጅቱ ለሠራተኛ ባቀረበው ወይም በተከራየው አይሱዙ ወደ ሥራ ሲመጣ ወይም ሲመለስ የደረሰ ጉዳት የሥራ ጉዳት ነው። በእርስዎ ትእዛዝ ከሥራ ቦታው ወይም ከሰዓቱ ውጭ ሲላላክ የደረሰበትም እንዲሁ ነው። ከጭነት ላይ ሰው መጫን ርካሽ የሚመስለው እዚህ ድረስ ነው።

ክፍያውን ለባለቤቱ በግልጽ ይንገሩት። የሕክምና ወጪ በአሠሪው ነው። ጊዜያዊ ጉዳት ሲሆን እስከ አንድ ዓመት ድረስ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላል። በጡረታ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ካልቻለ የአምስት ዓመት ደመወዙን ያህል ካሳ ይገባዋል። አሠሪው ጥፋት ካለበት ደግሞ ከዚህ በላይ ጉዳት ካሳ መጠየቅ ይቻላል።

አሁን ወደ ሽምግልናው። ሰው ሲሞት ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል፣ ለተዝካር የሚሆን ገንዘብ ይሰጣል፣ እርቅ ይወርዳል። ይህን አይናቁ፤ በሁለት ቤተሰብ መካከል ሰላም የሚያወርደው እሱ ነው። ሆኖም በቸልተኝነት ሰው መግደል በግል አቤቱታ የሚቀርብና በእርቅ የሚዘጋ ክስ አይደለም። ዐቃቤ ሕግ ቤተሰቡ ይቅር ቢልም ይከሳል፤ እርቁ ቅጣት ሲወሰን ሊታይ ይችል ይሆናል። የካሳውም ገንዘብ ለሚስትና ለልጆች በሕግ የተለካ መብት ነውና በሽምግልና የተሰጠውን ደረሰኝና ፊርማ ይያዙበት፤ «ሌላ አንጠይቅም» የሚል ወረቀት አስፈርሞ ማረፍ ግን ከንቱ ተስፋ ነው። «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለውንም መጽናኛ ለሐዘን ቤቱ ይተዉት። በአደጋ መዝገብዎ ምክንያት በሚለው መስመር ላይ የሚጻፈው «ሦስተኛው ቋሚ ተሰንጥቆ ነበር» ነው።

ደረጃ 9፦ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሲመጣ

ተቆጣጣሪው በሥራ ሰዓት አስቀድሞ ሳያሳውቅ መግባት፣ ሠራተኛን መጠየቅ፣ መዝገብ ማየት፣ ፎቶ ማንሣትና ናሙና መውሰድ ይችላል። በር ላይ አያቁሙት፣ ቡና አይጋብዙት፣ ደብተሩን ይስጡት። የሚሰጠው ትእዛዝ በጽሑፍ ይሁን፤ የማስተካከያ ጊዜውን ይጠይቁ፣ ሲያስተካክሉ ፎቶ አንሥተው መልስ ይጻፉ። ሠራተኛው ለተቆጣጣሪ ተናገረ ብሎ ማባረር አዲስ ክስ መጥራት ነው። ሰዎች ተቆጣጣሪን እንደ ባላንጣ ያዩታል። ባለቤቱ ጣውላ አልገዛም ላለው ፎርማን ግን የተቆጣጣሪው ደብዳቤ ከራሱ ደብዳቤ ይልቅ ፈጥኖ የሚሠራ መሣሪያ ነው፤ ራስዎ ሄደው እንዲመጣልዎ መጠየቅም ይችላሉ።

ደረጃ 10፦ ሥራውን ሲለቁ

ፎርማን ከሳይት ሳይት ይዞራል፤ አደጋ ደግሞ እሱ በሄደ በወሩ ሊደርስ ይችላል። ሲለቁ የርክክብ ወረቀት ያዘጋጁ፦ ያልተስተካከሉ አደጋዎች፣ የጠየቋቸውና ያልተገዙ ዕቃዎች፣ የሠለጠኑት ሰዎች ዝርዝር፣ የመጋዘኑና የማብሪያው ቁልፍ ለማን እንደተሰጠ። ተተኪዎ ያልተስተካከለውን ቦታ ድረስ ሄዶ በዓይኑ ይይ፣ ከዚያ ሁለታችሁም ፈርሙ። ዋናው የአደጋ መዝገብ የድርጅቱ ስለሆነ እዚያው ይቀራል፤ እርስዎ የጻፏቸውን ደብዳቤዎችና የርክክቡን ቅጂ ግን ይዘው ይውጡ፣ በስልክ ብቻ አያስቀምጧቸው፤ ስልክ ይጠፋል።